15 ሺህ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት፦ ልጆች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ ላልሽኝ

እሺ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ በስልክ፣ ቀጥሎ ማታ ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ። ሌሎችም ስለሚያነቡት ባጭሩ ልበለውና፣ ባለፈው ዓመት በሶሲዮሎጂ ተመርቀሻል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል፣ ደሴ ነሽ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈልገሽ አጥተሻል፣ ምኞትሽ ልጆች ላይ መሥራት ነው፣ አሁን ደግሞ አንድ ማሠልጠኛ በቴሌግራም "ኢንተርናሽናል ሰርቲፋይድ ቻይልድ ፕሮቴክሽን ስፔሻሊስት" (የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ለማለት ነው) የሚል ወረቀት በሦስት ቅዳሜ በ15 ሺህ ብር እሰጥሻለሁ ብሎሻል። ወንድምሽ ሊከፍልልሽ ተዘጋጅቷል። ጥያቄሽ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ ነው።

አትክፈይ።

ሌቦች ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ምናልባት አሠልጣኙ ጎበዝ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ እና ያ ስም ያለበት ወረቀት ፋይል ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ሰው ሾርትሊስት ሲገባ አላየሁም። ነርስ ብትሆኚ የሙያ ፈቃድ ሳታወጪ አትሠሪም፣ ጠበቃም እንደዛው። ልጆች ላይ ለሚሠራ ሰው ግን እኔ እስካሁን ባየኋቸው ቫካንሲዎች እንዲህ ዓይነት ፈቃድ አምጪ ሲባል አይቼ አላውቅም። ባዶ ቦታ ነው፣ ባዶ ቦታ ባለበት ደግሞ ሰርተፍኬት የሚሸጥ አይጠፋም።

ለምን ባዶ ሆነ ካልሽ ትንሽ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (ያኔ ስሙ ሌላ ነበር) የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፣ ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፣ በማስተርስ እንደገና የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ.። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት በይው። በዛ መሀል ልጆች ላይ የሠራው ሰው ከሶሲዮሎጂም፣ ከሳይኮሎጂም፣ ከመምህርነትም፣ ከነርስነትም የመጣ ነው። ለዛ ነው ማስታወቂያው ሁሉ "ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ" የሚለው። አንቺ "ሶሻል ወርክ ስላልተማርኩ ተበላሁ" ብለሻል፣ አልተበላሽም፣ ስምሽ ተጽፎልሻል እኮ። ግን ሶሲዮሎጂ ስለ ቤተሰብ እንድታስቢ ነው ያስተማረሽ፣ ሶሻል ወርክ ደግሞ በር አንኳኩቶ ገብቶ ከዛ ቤተሰብ ጋር መሥራትን ነው የሚያስተምረው፣ እሷን ክፍተት መሙላት ያንቺ የቤት ሥራ ነው።

ወረቀት ስንል ሁሉም አንድ አይደለም። ዲግሪሽ አንድ ነገር ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ሌላ ነገር ነው፣ እሱ በወጣ የሙያ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ በቲዎሪም በተግባርም ትፈተኛለሽ፣ መዛኙም ያሠለጠነሽ ሰው አይደለም፣ ዋናው ቁምነገር እሱ ነው፣ ያስተማረሽና የሸጠልሽ ሰውዬ ራሱ "ብቁ ነሽ" ብሎ ሲፈርምልሽና ሌላ ሰው ፈትኖሽ ሲፈርም አንድ አይሆንም። ስለዚህ ማንኛውም ማሠልጠኛ ገንዘብ ሲጠይቅሽ "ይሄ ሥልጠና የየትኛው የሙያ ደረጃ ነው፣ ሌቭሉ ስንት ነው፣ መጨረሻው ሲኦሲ ነው ወይ" በይው። መልሱ "ኢንተርናሽናል ነው" ከሆነ ስልኩን ዝጊው። ሦስተኛው አጭር ኮርስ ነው፣ እሱ አይናቅም፣ ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ የሆነ ሞልቷል፣ የዩኒሴፍ አጎራ የሚባለው ድረ ገጽ አለ፣ ካያ አለ፣ ዲዛስተርሬዲ አለ፣ ኢንተርኔት ካለሽ ቁጭ ብለሽ ጨርሰሽ ሰርተፍኬቱን ታወርጃለሽ፣ የ15 ሺህ ብሩን ትምህርት ከነትርፉ እዛ ታገኝዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው። የኤንጂኦ ሰዎች ኢንተርቪው ላይ የሚመዝኑሽ በምን ይመስልሻል? ብዙዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ (ወይ ላፕቶፓቸው ውስጥ፣ ሳያነቡት) በሰብአዊ እርዳታ የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መመዘኛዎች የሚባለው ሰነድ አለ፣ ሁለተኛው እትም በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 28 መመዘኛ ያለው። ሁሉንም በቃል ያዢ አልልሽም። 18ኛውን ግን አንብቢው፣ ኬዝ ማኔጅመንት ነው፣ የአንድን ልጅ ጉዳይ (ኬዝ) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ መከታተል ማለት ነው፣ ቁጭ ብለሽ ሁለት ማታ ስጪው። ልጁን ከመለየት ጀምሮ ሁኔታውን መገምገም፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ መከታተል፣ ከዛ ኬዙን መዝጋት፣ ይሄ ነው አካሄዱ። አንድ ኬዝ ወርከር በአንድ ጊዜ ከ25 ኬዝ በላይ እንዳይዝ ይላል፣ አንድ ሱፐርቫይዘር ደግሞ አምስት ስድስት ኬዝ ወርከር ነው የሚከታተለው። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት 70 ፋይል ይዤ አውቃለሁ፣ የልጆቹን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር እያምታታሁ ነበር የምውለው። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ "ጥያቄ አለሽ?" ሲሉሽ ስለ ደመወዝ ከመጠየቅሽ በፊት ስንት ኬዝ እንደምትይዢና ሱፐርቫይዘርሽ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ሁለት ነገር ታገኛለሽ፣ ሰነዱን እንዳነበብሽ ያውቃሉ፣ አንቺም የምትገቢበትን ታውቂያለሽ።

አንድ ኢንተርቪው ልንገርሽ። ዘጠኝ ሰርተፍኬት በፕላስቲክ ሸፍኖ ያመጣ አመልካች ነበር፣ እንደ አልበም እየገለጠ አሳየን። ቀጥሎ አንዷ የኮሚቴ አባል "አንድ ልጅ የምነግርህን ለማንም አትንገር ቢልህ ምን ትለዋለህ?" አለችው። "ቃል እገባለታለሁ፣ ሚስጥራዊነት የሙያው መርህ ነው" አለ በኩራት። አለቀ። ዘጠኙም ሰርተፍኬት አላዳነውም።

ስቄ አይደለም የምነግርሽ፣ እኔም እንደዛው ነው ያጠፋሁት፣ ያውም ኢንተርቪው ላይ ሳይሆን እውነተኛ ልጅ ላይ። በመጀመሪያው ዓመቴ አጎቱ ጋር የሚኖር የ11 ዓመት ልጅ "ለማንም አትንገሪ" ሲለኝ "በእናቴ ሞት አልናገርም" አልኩት፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፣ እንደ ታላቅ እህት። ከዛ ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን አሳየኝ። የቀበቶ ሰንበር ነው፣ አሮጌውና አዲሱ ተደራርቦ። መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ፣ ልጁም ከዛ ቤት ወጣ፣ ሥራው ተሠራ ትያለሽ። ግን ከሳምንት በኋላ ወረዳ በር ላይ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዛ ወዲህ ለእኔ አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። መባል የነበረበት እንዲህ ነው፦ "የምትነግረኝን እንዲሁ ለሰው አላወራም፣ ግን አንተን ወይ ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ሊረዳን ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ፣ ከዛ በፊት ግን ለማን እንደምናገር ለአንተ እነግርሃለሁ።" ይችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አፍሽ ላይ እስክትለምድ በይያት። ሥልጠናው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው እንግሊዝኛውን ይሸመድድና ልጁ ፊት ሲቀርብ አማርኛው ይጠፋዋል።

ከልጁ ጋር ከማውራት ቀጥሎ ሁለተኛው የማስታወሻ አጻጻፍ ነው። የተፈተነ ሰው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የጀማሪ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ "ልጅቷ ደህና ነች፣ ቤተሰቡ ድሃ ነው፣ አክስቷ ክፉ ትመስላለች።" ይሄ ምንም አይነግረኝም፣ ፍርድ ቤት ቢሄድም ጠበቃው በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል። አንዲት አብራኝ የሠራች ባልደረባ ደግሞ እንዲህ ትጽፍ ነበር፦ "ጠዋት 3፡20 ደረስኩ። ልጅቷ ሕፃን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች። ትምህርት ቤት ለምን አልሄድሽም ስላት 'ደብተር የለኝም' አለች። ይህን ስትል አክስቷን አየቻት።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አየሻት? ክፉ ነች አላለችም፣ ግን ሱፐርቫይዘሯ አንብቦ በሚቀጥለው ጊዜ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሪያት አላት። ይሄን የሚያስተምር የሦስት ቅዳሜ ኮርስ የለም፣ ጽፈሽ ሰው እያረመልሽ ነው የሚመጣው።

ሕጉንም ትንሽ ያዢ፣ ቢያንስ ሰው ፊት እንዳታፍሪ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጆች ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ የወንጀል ተጠያቂነት የሚጀምረው በ9 ዓመት ነው (ከ9 እስከ 15 ያሉት ለብቻ ነው የሚታዩት)፣ የሥራ ቅጥር ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 በታች አይቻልም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፣ አሁንም ቀበሌ ድረስ መጥቶ "ልጄን ውጭ ላኩልኝ" የሚል አለ፣ ምን እንደምትይ ማወቅ አለብሽ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ልጅን ተቋም ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ ዘመድ፣ መጀመሪያ ማኅበረሰብ። ብዙ ጀማሪ ግን ችግር ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስበው "የት ማሳደጊያ እናስገባው" ነው።

አሜሪካ ያለችው የአክስትሽ ልጅ "ሰርተፍኬቱ እዚህም ይሠራል" ያለችሽን እርሺው። እዛ የሶሻል ወርክ ላይሰንስ በየስቴቱ ነው የሚሰጠው፣ በታወቀ ትምህርት ቤት የተማርሽው የሶሻል ወርክ ዲግሪ ነው መነሻው፣ ከዛ በአብዛኛው ፈተና አለ፣ እንግሊዝ ደግሞ ሳትመዘገቢ ራስሽን ሶሻል ወርከር ብለሽ መጥራትም አትችይም። አንድ ቀን ከሄድሽ እዛው ማስተርስ ትማሪያለሽ፣ የቴሌግራም ሰርተፍኬት ግን ቦሌን አያልፍም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ደሴ ነሽ፣ ይሄ ዕድል ነው እኔ እንደማየው። ደሴና ሐይቅ አካባቢ ተፈናቃይ ያረፈበት ነው፣ የሕፃናት መጫወቻና መዋያ ቦታ ላይ ፋሲሊቴተር ሲፈለግ ደመወዙ ትንሽ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ከልጆች ጋር የዋልሽበት ስድስት ወር ለኬዝ ወርከርነት መግቢያ ነው። ወረዳ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሂጂ፣ ባለሙያዋን በአካል አግኚያት፣ "በነፃ ሦስት ወር ልርዳችሁ፣ ፋይል ልጻፍ" በያት። እዛ ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ ሥራው ከሰዉ ይበልጣል፣ እምቢ የሚልሽ አይመስለኝም። ግን በነፃም ብትሆኚ አንድ ነገር ተቀበዪ፦ በሳምንት አንዴ ቁጭ ብሎ ሥራሽን የሚያይልሽ ሰው ይኑር። ቤት ለቤት ብቻሽን ልከውሽ ማንም የማያናግርሽ ከሆነ እየተማርሽ አይደለም፣ እያለቅሽ ነው። ከወንጀል ነፃ የሚለውን የአሻራ ማስረጃም አሁኑኑ አውጪው፣ ልጆች ላይ የሚሠራ ድርጅት ይጠይቅሻል፣ ከቀድሞ አለቆችሽም ስለ ጠባይሽ ደውሎ ያጣራል፣ ካላጣራ ራሱ ድርጅቱን ተጠራጠሪው።

15 ሺህ ብሩን ደግሞ ወንድምሽ የግድ ላውጣው ካለ የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጪበት። አትሳቂ። የፊልድ ቫካንሲ ላይ "የሞተር መንጃ ፈቃድ ያላት ቅድሚያ ይሰጣታል" የምትል መስመር አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ሴት አመልካች ደግሞ ስትይዘው ኮሚቴው ሁሉ ቀና ይላል። ከተረፈ ኦሮምኛ ተማሪበት፣ ወለጋ ያደገ ተፈናቃይ ልጅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ አታውቂም።

ሲቪሽን አይቼዋለሁ። "ሃርድ ወርኪንግ፣ ቲም ፕሌየር" የሚለውን ሰርዢው፣ ሁሉም ሰው ነው። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ ግን እግረ መንገድሽን አንድ ነገር ብለሻል፣ ሦስተኛ ዓመት ሳለሽ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ቤት ለቤት እየዞርሽ ከትምህርት ያቋረጡ ልጆችን መዝግበሽ ነበር አይደል? ሲቪሽ ላይ የለም! ስንት ቤት ነው የዞርሽው፣ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ያልተመለሱት ለምን? እሱን በአምስት መስመር ጻፊና እሑድ ማታ ላኪልኝ።