የቅሬው መዝገብ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሐይቅ ለምትኖሩ ልጆቼ፤

ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ በወሎ ከተሞች ችካል ስተክል ኖሬአለሁ። ወሎ መፈናቀልን በ2014 ዓ.ም. በጦርነት አይቶታል፤ እኔ የምጽፍላችሁ ግን በወረቀትና በችካል ስለሚመጣው ነው። እሱ ላይ የእኔም እጅ አለበት።

ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ፣ ገበያ ዳር ያለ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተመረጠ። ነዋሪውን መዝግብ ተባልኩና መዘገብኩ። ቅጹ የሚጠይቀው ካርታ ያለውን ባለይዞታና ውል ያለውን የቀበሌ ቤት ተከራይ ብቻ ነበር። በአንዱ ግቢ ጓሮ፣ ልስኗ በተፈረካከሰ የጭቃ ክፍል ውስጥ፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት አገኘሁ። ደባል ነበሩ። ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሱ «እኔንስ የት ላይ ትጽፈኛለህ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ቅጹን አገላበጥኩ። ለደባል የሚሆን መስመር የለውም። «አብሽሩ እናቴ፣ ይታሰብበታል» ብያቸው ወጣሁ።

አልታሰበበትም። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ አገኘ። እሳቸው ከከተማዋ ጫፍ ተከራዩ፤ ደንበኞቻቸው ግን ገበያው ዳር ቀሩ።

ከዓመታት በኋላ የዚያ ሰፈር ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ጸሐፊ ቤት ቡና ስጠጣ የቅሬውን መዝገብ አየሁት። በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተበላ ደረቅ ሽፋን ደብተር ነው። እኔ የዘለልኳቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ደባሉ፣ ጥገኛው፣ በረንዳ የሚያድረው ሳይቀር። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገጽ ሰፍረዋል። እንጀራ ጋጋሪዋ አንድም ወር ሳያቋርጡ ከፍለዋል። ቅሬው ሲሞቱ ሊቀብራቸው ስማቸውን ጽፎ ይዞ ነበር። በሕይወት ሳሉ የት ይድረሱ የሚለውን ግን እኛም ቅሬውን አልጠየቅነውም፣ እሱም ደብተሩን ይዞ ቢሯችን አልመጣም።

አሜሪካ ቦስተን ውስጥ፣ ሮክስበሪ በሚባለው አካባቢ፣ ዱድሊ የሚባል ጎዳና አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ሰፈሩ ባዶ መሬትና ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሳለ አንድ የነዋሪዎች ድርጅት ተቋቋመ። መጀመሪያ የተረቀቀው ቦርድ ለነዋሪው የተወለት ወንበር ጥቂት ነበር። ነዋሪው ስብሰባው ላይ ተነሥቶ፣ ከመካከላችሁ እዚህ የሚኖረው ስንቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ረቂቁ ተቀየረ፤ ነዋሪው አብላጫውን ያዘ፤ ጥቁሩ፣ ላቲኖው፣ የኬፕ ቨርዴው ተወላጅና ነጩ እኩል ወንበር ተሰጣቸው። በ1988 ከተማው ባዶ መሬቱን ለማስለቀቅ የሚያስችል ሥልጣን ለዚሁ ድርጅት ሰጠ። መሬቱ በማኅበር ተይዞ ይቀራል፤ ቤተሰብ ቤቱን ይገዛል፤ መሬቱን ለ99 ዓመት ይከራያል፤ ሲሸጥም በተወሰነ ዋጋ ነው፣ ቀጣዩም ደሃ እንዲገዛው።

99 ዓመት የሚለውን ቁጥር ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኛም የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። መሬትም ቢሆን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ አይሸጥም። እነሱ ታግለው ያመጡትን ግማሹን እኛ በእጃችን ይዘነዋል ማለት ነው። የጎደለን ወንበሩና የሽያጩ ደንብ ነው። የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሆኖ ቦታ ያገኘ ሰው መሠረቱ ሳይደርቅ ሲሸጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አልፈርድበትም፤ የታመመ ልጅ ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን ማኅበር ስትመሠርቱ፣ የሚሸጥ አባል መጀመሪያ ለማኅበሩ እንዲያቀርብና ዋጋው በምን እንደሚሰላ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስገቡ፤ ቃሉንም የሕግ ባለሙያ ይየው። ማኅበሩ ቦታ እንዲያገኝ ባንክ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማምጣት ለማይችለው ደግሞ እቁባችን ምን ይሠራል?

አዋጆቹን አንብቡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 1161፣ መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች አቅም ካላቸው በግል ወይም በጋራ ቦታቸውን የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ደንግጓል። ኋላ ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አብራችሁ እዩ። «በጋራ» የምትለዋን ቃል ግን አደራ፤ ቀድሞ ያልተደራጀ ሰፈር በተነሣበት ሳምንት ሊጠቀምባት አይችልም። ተከራዮች ደግሞ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያዙ። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚ የሚሆንባቸውን ከተሞች የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ከተማችሁ መካተቷን ጠይቁ።

ሊቀመንበርነቱን አትሽቀዳደሙበት፤ እሱን የሚፈልግ ሞልቷል። ስብሰባችሁንም ሆቴል አዳራሽ ከታሸገ ውሃ ጋር አታድርጉት (በእንዲህ ያለው ስብሰባ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ደባል ሲናገር አልሰማሁም)። ጋጋሪዋ ምጣዷን በምታወርድበት ሰዓት፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ጥላ ሥር ይሁን።

እኔ ባለሁበት ቅሬ የጸሐፊያችን ዓይን ደክሟል። መዝገቡን የሚረከብ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ከስሙ ጎን ማን ባለይዞታ፣ ማን የቀበሌ ተከራይ፣ ማን ደባል እንደሆነ ቤት ለቤት ዞሮ የሚሞላ ልጅ እየፈለጉ ነው። አዲሱን ደብተር ገዝቻለሁ፤ መስመሩንም አስምሬዋለሁ። ለደባል የሚሆነውን ዓምድ ሰፋ አድርጌዋለሁ።