በሁለተኛው ዙር እግራችሁ ለሚከዳችሁ

ቴኳንዶ የምትሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጸጉሬ ሸብቷል፣ እግሬም እንደ ድሮው አይነሳም። ጉልበታችሁን ወይ ቁርጭምጭሚታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ከሕመሙ ቀጥሎ የምትጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ዙር ጥሩ እጫወታለሁ። ሁለተኛው ላይ እግሬ ይከዳኛል። ምን ላድርግ?» ምን እየሠራህ ነው ስል መልሱም ያው ነው። ጠዋት ሩጫ፣ ከሰዓት ፑሽ አፕ፣ ማታ ልምምድ። ሁሉም በሙሉ አቅም፣ በየቀኑ። በእኔ እምነት ልፋቱ በዝቷል፤ ቀስ ብሎ መሥራት ነው የጠፋው።

ላስረዳችሁ። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ አንድ ዙር 2 ደቂቃ ነው፤ በመሀል 1 ደቂቃ እረፍት አለ። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። ግን 2 ደቂቃውን ሙሉ አትማቱም። ትዞራላችሁ፣ ትጠባበቃላችሁ፣ ድንገት ገብታችሁ ሁለት ሦስት ምት ታሳርፋላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ለዚያች ቅጽበት ጡንቻችሁ የሚጠቀመው ውስጡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኃይል ነው። በሙሉ አቅም ከተሠራ ከ10 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ያንን መልሶ ለመሙላት ኦክስጅን ያስፈልጋል። ልቡና ሳንባው ያልሠለጠነ ልጅ የመጀመሪያ ምቱ ያስፈራል፤ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ግን እግሩን ከወገብ በላይ ማንሳት ያቅተዋል።

ይህ የሚገነባው በዝግታ ሩጫ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ልኩን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። አብሯችሁ ከሚሮጠው ጋር ወሬ ካቋረጣችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በተለይ ሆጤ ሜዳ ላይ የሌላ ክለብ ልጅ አልፏችሁ ሲሄድ! ይለፍ። አታሳዱት።

ስለ አገራችን አየርም ልንገራችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ይሻላል። ስለዚህ የደሴ ልጆች፣ ዝግተኛውን ሩጫ እዚሁ ሩጡ። ፈጣኑን ሥራ ግን፣ አጋጣሚው ሲኖር፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሥሩት። እግር እዚያ ትንሽ ይፈጥናል። የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ ለውድድር ወደ ደሴ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አብሽሩ፣ ከፍታው ነው። የመጀመሪያውን ዙር ረጋ ብላችሁ ጀምሩ።

ፈጣኑ ሥራ ብዙ መሆን የለበትም። በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ጓደኛችሁ ፓድ (የምት መቀበያውን ትራስ) ይያዝላችሁ። 15 ሰከንድ አጥብቆ መምታት፣ 15 ሰከንድ እየተንቀሳቀሱ ማረፍ፣ እንዲህ እያሉ 2 ደቂቃ። ከዚያ 1 ደቂቃ እረፍት። በአራት ዙር ጀምሩ። የመጨረሻው ዙር ምት ከመጀመሪያው በጣም ከደከመ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የምትለማመዱት የተበላሸ ምት ነው።

የጦሳን ተራራ ሮጦ መውጣት እወዳለሁ። ለጭንም ለትንፋሽም ነው። ስትወርዱ ግን ተራመዱ። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችሁን የሚይዘው፤ ጉልበትም ብዙ ጫና ይሸከማል። ቁልቁለቱን እየበረረ የሚወርድ ልጅ ለእኔ ሥራ ይፈጥርልኛል።

ወደ ጥንካሬው ስንመጣ ጅም መክፈል ግዴታ አይደለም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልታችሁ በብረት ያገናኛችሁት ክብደት ይበቃል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል መመዘናቸውን ብቻ እዩ። የማዳበሪያ ጆንያም ይሆናል። አሸዋውን መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል ቋጥሩት፣ ከዚያ ጆንያው ውስጥ ክተቱት። አለበለዚያ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ስትሠሩ አንገታችሁ ላይ ይራገፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት፣ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት፣ ፑል አፕ። እያንዳንዱን ከ5 እስከ 8 ጊዜ፣ ይህንኑ ሦስቴ መድገም፣ በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት። መቶ ፑሽ አፕ መቁጠር ለፎቶ ጥሩ ነው።

ሁላችሁም የምትመቱበትን እግር ታጠነክራላችሁ። የምትቆሙበትን ትረሱታላችሁ። እኔ ጋ የሚመጣው ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ነው። እግራችሁን በጎን አዙራችሁ ስትመቱ የቆማችሁበት ተረከዝ ወደ ተጋጣሚ መዞር አለበት። እግሩ መሬቱን ይዞ ከቀረና ዳሌ ብቻ ከዞረ፣ መጠማዘዙ ሁሉ ጉልበታችሁ ላይ ያርፋል። ስሚንቶ ላይ በጫማ የምትለማመዱ በተለይ ተጠንቀቁ። ጥርስ ስትፍቁ በአንድ እግር መቆም ጀምሩ። ሲቀል ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ደግሞ አቅም ሳያንሳችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ ነው የምትደክሙት። ጀማሪ ሲፈራ ትከሻው ይወጣል፣ ጡጫው ይጨበጣል፣ ትንፋሹ ይቆማል። በእያንዳንዱ ምት አየር አስወጡ። ማስተራችሁ «ጩኹ!» የሚለው ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። ይህን የምትማሩት ደግሞ በቀላል ስፓሪንግ ነው፤ በግማሽ ጉልበት፣ እየተሳሳቃችሁ። ሁልጊዜ እንደ ፍጻሜ የሚጋጠም ክለብ ጀግና ሳይሆን ታካሚ ነው የሚያፈራው።

ጫትን ዝም ብዬ ባልፈው ይቀለኝ ነበር። ግን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ጡንቻ የሚጠገነው ስትተኙ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቅማችሁ ዓርብ ጠዋት ስፓሪንግ የምትገቡ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ጾምና ረመዳን ሌላ ነገር ነው፤ ፕሮግራም ማስተካከል ብቻ ይፈልጋል። በረመዳን ከባዱን ሥራ ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት፣ ቀን ቀን ቴክኒክና መፍታታት ይበቃል። በሁዳዴ ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አትቀንሱ።

ክብደት ለማውረድ ላስቲክ ለብሶ መሮጥና ውሃ መተው ግን አያስቀልድም። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የዩኒቨርሲቲ የትግል (ሬስሊንግ) ስፖርተኞች በሳምንታት ልዩነት የሞቱት በዚህ ዓይነት ክብደት ቅነሳ ነው። ወጣትና ጠንካሮች ነበሩ። ኪሎው ካልወረደ ከፍ ባለው የክብደት ምድብ ተጋጠሙ።

ራስ ላይ ምት ያረፈበት ልጅ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይ ነገሮች ከተምታቱበት ያን ቀን ስፓሪንግ አልቋል። «ደህና ነኝ» ቢልም አልቋል። ብቻውን ወደ ቤት አትላኩት። ማስታወክ ከጀመረ ወይ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወደ ሜዳ የሚመለሰው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ ሐኪም አይቶት፣ መጀመሪያ በሩጫ፣ ቀጥሎ በፓድ፣ ስፓሪንጉን በስተመጨረሻ ነው።