የስምንት ቢሊዮን ሰዎች ዓለም በ60 ሴኮንድ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ተማሪዎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የሚኒ ሚዲያ ክበብም አግዛለሁ። ስለ ዓለም ሕዝብ ፈተናዎች በሚካሄደው የተማሪዎች ቪዲዮ ውድድር ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ቲቸር፣ ውድድሩ የማን ነው? የእኛ አገር ተማሪስ መግባት ይችላል?

«ወርልድ ኦፍ ኤይት ቢሊዮን» ይባላል። የሚያዘጋጀው መቀመጫው ዋሽንግተን የሆነው ፖፑሌሽን ኮኔክሽን የተባለ ድርጅት በትምህርት ክፍሉ በኩል ነው። የተጀመረው የዓለም ሕዝብ 7 ቢሊዮን በደረሰበት በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሙም ያኔ «ወርልድ ኦፍ ሰቨን ቢሊዮን» ነበር። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከየትኛውም አገር ይወዳደራል። ቪዲዮው ከ60 ሴኮንድ አይበልጥም። ርዕሶቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ የዘንድሮውን ደንብ ራሳችሁ አንብቡ። የማይቀየረው ግን ይህ ነው፦ የሕዝብ ዕድገት ከመረጣችሁት ችግር ጋር ያለውን ግንኙነት ታሳያላችሁ፣ ቢያንስ አንድ መፍትሔም ታቀርባላችሁ።

ስለ ምን ልሥራ? የበረዶ ግግር መቅለጥን አስቤ ነበር። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳቢያን)

የበረዶ ግግሩን እዚያው ለሚኖሩት ተዪላቸው። አንቺ ከቤትሽ ወጥተሽ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቁሚ። ወንዙ በጋ ላይ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ በዚሁ አሸዋ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጎርፉን የወለደው ከከተማዋ በላይ፣ ደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ነው።

ሕዝብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሁለት ቦታ ላይ ታገኚዋለሽ። ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃ የነበረው መሬት ለልጆች ሲከፋፈል ተዳፋቱ ሁሉ ይታረሳል፤ ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል፤ ውኃን የሚይዘው አፈር ይሳሳል። ታች ደግሞ፣ ሥራ ፍለጋ ድሬ የመጣ ሰው ርካሽ ቦታ ሲፈልግ ወንዙ ዳር ይሠፍራል። አንድ ሰው እየተናገረ ይህን ሁሉ ልዘርዝር ቢል 60 ሴኮንድ አይበቃውም። በምስል ግን ይበቃል፦ የተራቆተ ተዳፋት፣ ደረቅ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጥግ ያለ በር። ርዕስሽን እኔ መረጥኩልሽ ማለት አይደለም። ያየሽውን ነገር እስከ ሥሩ ድረስ ተከተይው ነው የምልሽ።

እኔ ሐረር ነኝ። ጀጎልን ልቅረጽ ወይስ ሐረማያን?

ጀጎል በጣም ያምራል፤ ግን ውበት ብቻውን ጥያቄውን አይመልስልህም። ሐረማያ ይመልሳል። ሐረር ለረጅም ጊዜ ውኃ የምትጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ከተሞቹ ሰፉ፤ ዙሪያው ያለው ገበሬም ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሳበበት፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ለሐረር የሚሆን ውኃ ድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ከጉድጓድ ተስቦ ሽቅብ መገፋት ነበረበት፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ እንደሆነ አስታውስ። ይህን ቧንቧ ከቆላ እስከ ሐረር ቤት ድረስ ብትከተል አንድ ሙሉ ታሪክ አለህ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዙንም አትርሳ፤ ያንን ካልጨመርክ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

መምህር፣ ልጄ «ችግሩ ሰው መብዛቱ ነው» የሚል ቪዲዮ እየሠራ ነው። እኛ ልጅ በዕድሉ ያድጋል ተብሎ ያደግን ነን፤ ቅር አለኝ። (አባት)

ቅር መሰኘትዎ ልክ ነው፤ ልጅዎም እንዲያዳምጥዎ እፈልጋለሁ። ሰውን፣ በተለይ ድሃውን፣ እንደ ሸክም የሚያሳይ ቪዲዮ ስሕተት ነው። የአንድ አማካይ አሜሪካዊ የካርቦን ልቀት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ልቀት ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ምድርን የሚጫነው የቤተሰብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አኗኗርም ነው።

ሆኖም የልጆች ቁጥር የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የምርጫም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በሕይወቷ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ልጆች ነበር፤ ሐረሪ 4.1፣ ድሬዳዋ 3.1። ምንም ያልተማሩ እናቶች 5.7 ሲወልዱ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9 ይወልዱ ነበር። ማንም አስገድዷቸው አይደለም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ቆየች፣ ዘግይታ አገባች፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ የምትፈልገውን ጠየቀች። ልጅዎ የሚቀርጸው ሰው ካስፈለገው እንዲህ ያለች እናት ፈልጎ ያናግር።

ወሊድ እየቀነሰ ከሆነ ሕዝቡ ለምን ይጨምራል?

ነገ ወላጅ የሚሆኑት ዛሬ ተወልደው ስላበቁ ነው። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነው፤ እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድም የወላጆቹ ቁጥር ራሱ ትልቅ ነው። የጭነት ባቡር ፍሬን ከተያዘም በኋላ ብዙ እንደሚሄድ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 እ.ኤ.አ. ትንበያም የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል ይላል።

የድሬዳዋን ሕዝብ ስንት ብዬ ልጻፍ? ሁሉም የተለያየ ይላል።

የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ 341,834። ቀጣዩ ቆጠራ ተላልፏል፤ ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ ግምት ነው። ግምት ከተጠቀምሽ «ግምት» ብለሽ ከነዓመቱ ጻፊ።

ያለኝ ሞባይል ብቻ ነው።

ይበቃል። አግድም ይዘህ ቅረጽ። የድሬ የቀትር ፀሐይ ፊትን ያጠቁራል፤ ጠዋት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ውጣ። ድምፅህን ውጭ አትቅዳ፤ ንፋሱና ባጃጁ ይበሉታል። ቤት ገብተህ ጋቢ ተከናንበህ ቅዳ። አማርኛችን ቃሉ ረጅም ስለሆነ ከ90 ቃል በላይ አትጻፍ፤ በአማርኛ ከተናገርክ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስገባ። ዘፈን ከታዋቂ ድምፃዊ አትውሰድ፤ ከክበባችን ክራር የሚመታ ልጅ አለ፣ ጠይቀው።

ከፊራ ገበያ ሰው ሳያውቅ ብቀርጽስ?

አይሆንም። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ለምን እንደሆነ ንገሩ፣ እሺ ካሉ ቅረጹ። ሕፃን ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። ጄሪካን የያዘች እናት ፊቷ ሳይታይ እጇ ብቻ ቢታይም ነገሩ ይገባል።

መፍትሔው ላይ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይኑረው» ብዬ ጨረስኩ። ጥሩ ነው?

ገና ነው። ማን፣ የት፣ ምን ያድርግ? ለደቻቱ ከሆነ፦ ተዳፋቱ ላይ እርከን ይሠራ፤ ደጋው ላይ ዝናብ ሲጠና ታች ላለው ቀበሌ የሚደውል ሰው ይመደብ፤ ወንዙ ዳር ለሠፈሩት ቤተሰቦች ከሥራቸው ብዙ የማይርቅ ቦታ ይሰጥ። ከሦስቱ አንዱን ምረጪና የመጨረሻዎቹን 20 ሴኮንዶች ለእሱ ስጪ። ስክሪፕቱን ይዘሽ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክበቡ ክፍል ነይ፤ ሰዓት ይዘን አብረን እናነበዋለን።