ልጄ የሳይክሉን ፍሬን ክራር አደረገው

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የ12 ዓመት ልጄ ከሳይክሉ ላይ የፍሬን ሽቦ አውጥቶ፣ የተገመደውን ክር በክር ፈትቶ፣ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ወጠረው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲንግ ቲንግ ነው። አባቱ «ምን ጉድ ነው» እያለ ሊወረውረው ደርሷል። እኔ ደስ ይለኛል፣ ግን ድምፁ እዝዝ ይላል፤ ንብ የገባበት ነው የሚመስለው። ምን ብናደርግ ይጠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አባትየውን ያዙልኝ።

ንቧ ላይ ትንሽ ልቆይ። መቼም በሁዳዴ በገና ሰምተዋል። ያ ሆድ የሚያባባ እዝዝታ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? የበገና 10 አውታሮች ከበግ አንጀት ይሠራሉ። በርኩማው ላይ፣ ማለትም አውታሮቹን ከፍ አድርጎ በያዘው እንጨት ላይ፣ ሲያርፉ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር አንዲት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ እየለቀቀ ይርገበገባል፣ ንቧም ተነሣች ማለት ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን ፀጉር ታህል ወዲህ፣ ፀጉር ታህል ወዲያ እያደረገ ያ ድምፅ እስኪመጣለት ይለፋል። የእርስዎ ልጅ በነጻ አግኝቶት እንዴት አጥፉት ልበል?

ግድ የለም፣ ይጥራልኝ ካሉ ሽቦው የቆርቆሮውን ከንፈር እየነካ ነው። ከሥሩ የእርሳስ ስባሪ አስገብቶ ከፍ ያድርገው። ቆርቆሮውን ግን አይቀይር። ሽቦ ብቻውን ድምፁ ከአፍንጫ አያልፍም፣ ጮክ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ባዶ ዕቃ ነው፤ ክራርም ቢሆን ዛሬ ዛሬ ሆዱ የብረት ሳህን የሆነ ሞልቷል። ሽቦውን ልክ መሀሉ ላይ ጣቱን አሳርፎ ይምታው፣ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣለታል። ይሄን አይንገሩት፣ ራሱ ይድረስበት።

አንድ ሽቦ ብቻ ቢተርፈውም አይዘን። ማሲንቆ ያለችው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ናት፣ አዝማሪ ግን በእሷ ሰርግ ሙሉ ያስጨፍራል፣ ሲፈልግም ይሳደባል። አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥም ድሃ ጥቁር ልጆች አንድ ሽቦ ግድግዳ ላይ በምስማር መትተው፣ ከሥሩ ጠርሙስ ወትፈው ይጫወቱ ነበር፤ ዲድሊ ቦው ይባላል። ብዙ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ጣቱን ያፍታታው በዚያ ነው።

ደግሞ እርስዎስ? ምጣድ ሲገዙ በጣትዎ ኳ ኳ አድርገው ጆሮዎን አይሰጡም? የተሰነጠቀው ድፍን ይላል፣ ደህናው ይጮኻል። ያም ጆሮ ነው፣ ልጁ ከየት አመጣው እንዳይሉ! ወደ ዘጌ ገዳማት ከተሻገራችሁ ደግሞ የድንጋይ ደወሎቹን አሳዩት። ድንጋይ ተንጠልጥሎ ሲመታ እንደ ብረት ሲጮኽ ያየ ልጅ ቤት ውስጥ የሚያስቀረው ዕቃ የለም፣ ከወዲሁ ይወቁት።

ለአባትየውም ሥራ ልስጠው። ሁለት የቢራ ጠርሙስ፣ አንዱ ውኃው ብዙ፣ አንዱ ትንሽ። በማንኪያ ሲመታቸው ብዙ ውኃ ያለው ይወፍራል። አፋቸው ላይ ሲነፋባቸው ግን ያው ጠርሙስ ይቀጥናል። ሲመታ የሚንቀጠቀጠው ጠርሙሱ ከነውኃው ነው፤ ሲነፋ ግን ከላይ የቀረችው አየር ናት።

የሽቦው ጫፍ ዓይን ያወጣል፣ በፒንሳ ይታጠፍለት። ለሳይክሉም አዲስ የፍሬን ሽቦ ይግዙለት፤ ባሕር ዳር ሜዳ ነው ብለው እንዳይተዉት፣ ባጃጁን አያምኑም።