ጥያቄና መልስ፦ ሰውነታችን ስለሚሠራው አንቲባዮቲክ

ሰውነታችን ራሱ ባክቴሪያ ገዳይ ንጥረ ነገሮችን እንደሚሠራ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሰውነታችን ውስጥ አንቲባዮቲክ ካለ ለምን እንታመማለን?

መልስ፦ አለ፤ በእንባ፣ በምራቅ፣ በላብና በቆዳ ላይ። ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ናቸው። ብዙ የተጠናው ኤልኤል-37 ሲሆን፣ ቁጥሩ የአሚኖ አሲዶቹን (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦቹን) ብዛት ይናገራል። ችግሩ ጨውና የደም ፈሳሽ ጉልበቱን ያዳክሙታል። አንዳንድ ባክቴሪያም ዝም ብሎ አይሞትም፤ ፔፕታይዱን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ይረጫል።

ጥያቄ፦ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ፔፕታይድ “አሻሻልነው” ሲሉ ምኑን ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የባክቴሪያ ሽፋን ነጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለው፣ ፔፕታይዱ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ይሳባሉ፤ ፔፕታይዱ ይለጠፍና ሽፋኑን ይበሳዋል። የእኛ ሕዋሶች ውጫዊ ገጽ ግን ቻርጁ እምብዛም ነው፣ ኮሌስትሮልም አለበት፤ ስለዚህ በአብዛኛው ይተርፋሉ። ተመራማሪዎቹ የማይጠቅመውን ክፍል ይቆርጣሉ። እንደ ላይሲንና አርጂኒን ያሉ ፖዘቲቭ አሚኖ አሲዶችን ይጨምራሉ። ወይም ኤንዛይም እንዳያውቀው የአሚኖ አሲዱን የመስታወት ግልባጭ ያስገባሉ።

ከኤልኤል-37 ተነስተው በኔዘርላንድስ፣ ላይደን የሠሩት ሳፕ-148 ጥሩ ምሳሌ ነው። 24 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። በ2018 ባወጡት ጥናት ቅባቱን በአይጥ ቆዳና በላብራቶሪ በተቀመጠ የሰው ቆዳ ቁስል ላይ ለ4 ሰዓት ሞከሩት፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አጸዳ። ቁስል ላይ እንደ ድር ያለ መከላከያ ሽፋን ሠርተው የተደበቁትንም ጭምር።

ግን መግደል ብቻውን አያስደንቀኝም። ባክቴሪያማ በረኪናም ይገድላል። ፔፕታይዱ ስብ ወዳድነቱ ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሶችንም ማፍረስ ይጀምራል። እኔ አዲስ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው “በደም ውስጥ ይሠራል ወይ? የእኛንስ ሕዋስ ይተዋል ወይ?” የሚለውን ነው።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያው ይህንንም አይለምደውም?

መልስ፦ ሽፋንን መቀየር ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘገያል እንጂ ይችላል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሽፋኑን ነጌቲቭነት በመቀነስ ፔፕታይዱን ይገፋል። ኮሊስቲን የሚባለው ፔፕታይድ መድኃኒትም የመጨረሻ መጠጊያ ነበር። በ2015 ግን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ የመቋቋሚያ ጂን ቻይና ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ባክቴሪያው የሰውን ፔፕታይድ የሚመስል መድኃኒት መቋቋም ከለመደ፣ የራሳችንን መከላከያስ?

ጥያቄ፦ ፋርማሲ መቼ ይደርሳል?

መልስ፦ ቀን አልቆርጥም። ከእንቁራሪት ቆዳ ፔፕታይድ ተነስቶ የተሠራው ፔክሲጋናን ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ተሞክሮ፣ በ1999 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አላጸደቀውም። ከነበረው አንቲባዮቲክ አልበለጠም ነበር። ማምረቱም ውድ ነው። ከመጣ በቅባት መልክ ይቀድማል ብዬ እገምታለሁ፤ ቢውጡትማ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል።

ጥያቄ (ከአሜሪካ)፦ ኤልኤል-37 በመርፌ መልክ ኦንላይን ይሸጣል። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ለሕክምና ያልጸደቀ ነገር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ማንም አላረጋገጠልዎትም። ደግሞ ሲበዛ ጥሩ አይደለም፦ ሶራይሲስና ሮዛሺያ በሚባሉ የቆዳ ሕመሞች የተጠቃ ቆዳ ላይ ኤልኤል-37 በብዛት ይገኛል፣ ብግነቱንም ከሚያባብሱት አንዱ እሱ ነው።