ሎድ ሲገባ 310 ቮልቱ ለምን ይወድቃል?

ወንድም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የ12 ቮልት ባትሪ በአንድ ኮይል፣ በአንድ ዳዮድና በአንድ አይአርኤፍ 840 ሞስፌት (በኤሌክትሪክ ምልክት የሚበራና የሚጠፋ ስዊች) ወደ 310 ቮልት ዲሲ ታሳድጋለህ። ከዚያ በኤች ብሪጅ (ዲሲውን ወደ ኤሲ በሚቀይሩ አራት ስዊቾች) 220 ኤሲ ታወጣለህ። ባዶውን 310 ያሳያል፤ የ300 ዋት ማሞቂያ ስትሰካበት ግን ወደ 100 ይወርድና ሞስፌቱ ይቃጠላል። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት ሦስት ሞስፌት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያሳሳተህ የተለመደው ቀመር ነው። መግቢያውን ቮልት ከ1 ላይ ዲዩቲ (ሞስፌቱ በርቶ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ) ሲቀነስ ለሚቀረው አካፍል ይላል። በዚህ ስሌት 0.96 ዲዩቲ ይበቃሃል። ቀመሩ ግን የኮይሉንና የሞስፌቱን ሬዚስታንስ ዜሮ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ያንተ ሞስፌት ሲያስተላልፍ እስከ 0.85 ኦም አለው። ኮይሉን 0.1 ብንለው ድምሩ 0.95 ነው። ማሞቂያው ደግሞ ለ310 ቮልቱ መስመር እንደ 320 ኦም ነው። 320ን ለ0.95 ስታካፍል 337 ገደማ ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 18.4 ነው፤ ግማሹ 9.2። ይህ ሰርኪዩት ከ9.2 እጥፍ በላይ ማሳደግ አይችልም። 12 በ9.2 ሲባዛ 110 ቮልት። የዳዮዱን ብክነትና ሞስፌቱ ሲበራና ሲጠፋ የሚባክነውን ስትቀንስለት ያቺው ያየሃት 100 ናት!

ከዚያ በላይ ዲዩቲውን ከገፋኸው ቮልቴጁ ጭራሽ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው ይህን አያውቅም። ቮልቱ ባነሰበት ቁጥር ዲዩቲ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሞስፌቱ ሳይዘጋ ይቀርና 12 አምፔር ተኩል ያህል ይስባል። የተሠራው ለ8 ነው። ከ130 ዋት በላይ ሙቀት በዚያች ትንሽ ቁራጭ ላይ ሲያርፍ ምን ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወገጃ ብረት) ይችለዋል?

ስለዚህ ኮይሉን ማወፈር አያድንህም። አንዱን ሞስፌት 310 ቮልትም ቻል፣ የባትሪውን አምፔርም ቻል ብለኸዋል። ሥራውን ለይ። እኔ ወደ ፑሽ ፑል (ሁለት ሞስፌቶች ተራ በተራ የሚበሩበት) ነው የዞርኩት፤ በፌራይት ትራንስፎርመር። በባትሪው በኩል አይአርኤፍ 3205 ዓይነት፣ 8 ሚሊኦም የሆነ አስገባ። ባትሪው ወደ 10.5 ሲወርድ 34 አምፔር ገደማ ትስባለህ፤ የማስተላለፍ ብክነቱ ግን 9 ዋት አካባቢ ብቻ ነው። የዙር ብዛቱን በ12 ሳይሆን በ10.5 አስላ። በባትሪው በኩል ለእያንዳንዱ ክንድ (ለእያንዳንዱ ሞስፌት ጥምጥም) 2 ዙር፣ ለ310 ቮልቱ ጎን 68 ይዤ ነበር።

እዚህ ላይ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። በፑሽ ፑል የተዘጋው ሞስፌት የባትሪውን እጥፍ ይሸከማል። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሆኖ 14.4 ከሆነ 28.8 ቮልት ማለት ነው። የትራንስፎርመሩ ሊኬጅ (ጥምጥሞቹ በደንብ ባለመያያዛቸው የሚመጣው) ደግሞ በዚያ ላይ ስፓይክ፣ ማለትም ቅጽበታዊ የቮልት ዝላይ፣ ይጨምርበታል፤ የሞስፌቱ ጣሪያ 55 ነው። ሁለቱን የ2 ዙር ክንዶች ጎን ለጎን አድርገህ አንድ ላይ ጠምጥማቸው። ካፓሲተሮቹን ከሞስፌቶቹ አጠገብ ትከላቸው፣ ስናበርም (ስፓይኩን የሚያለዝብ ሬዚስተርና ካፓሲተር) አትርሳ። ብሪጁን ሳትገጥም መጀመሪያ በ5 አምፔር ፊውዝ አብራው፤ ድሬኑን (ከትራንስፎርመሩ ጋር የሚገናኘውን የሞስፌቱን እግር) በኦሲሎስኮፕ እይ። ስፓይኩ ከ45 ቮልት ካለፈ ትራንስፎርመሩን ፈትተህ እንደገና ጠምጥም።