በ300 ዩሮ የማያሳፍር ሲተርን ይገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ልጅ ሳለሁ ክራር እደረድር ነበር። ባለፈው ነሐሴ በአንድ የመካከለኛው ዘመን ገበያ ትርኢት ላይ ሲተርን የሚባል ባለ ጥንድ ክር መሣሪያ ሰምቼ ልቤን ወሰደው። ያለኝ 300 ዩሮ ነው። በዚሁ ዋጋ አዲስ ባለ አሥር ክር ሲተርን ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። በሌላ በኩል አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አሮጌ ዋልድዚተር በ120 ዩሮ ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል፤ ክሮቹ ግን ከአንገቱ በጣም የራቁ ናቸው። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ብሆን አሮጌውን ነበር የምገዛው። ሲሄዱ ግን ማስመሪያ፣ አንድ ቅጠል ወረቀትና የመቃኛ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክ ይያዙ።

በመጀመሪያ ስለ አዲሱ ልንገርዎ። የጥንቱ ሲተርን በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ተሰቅሎ፣ ደንበኛ ተራው እስኪደርስ የሚጫወትበት ትንሽ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በዚሁ ስም የሚሸጠው ባለ አምስት ጥንድ ክር ትልቁ መሣሪያ ግን፣ የሚጫወቱበት ሰዎች የጥንት ልብስ ለብሰው ቢያሳስቱንም፣ ዕድሜው አጭር ነው፤ በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው መሣሪያ ሠሪ ስቴፋን ሶቤል ከፖርቹጋል ጊታር መነሻ ወስዶ የሠራው ነው። በባለሙያ እጅ የተሠራ አዲስ ሲተርን ከ2,000 ዩሮ በላይ ያወጣል። ፋብሪካ ያንኑ በ300 ሲሸጥ የቆጠበው እንጨት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሰዓት ነው። ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ አግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች) አንድ በአንድ የሚያስተካክል፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን አጥንት በልኩ የሚሞርድ ሰው አልተቀጠረም። ጥንድ ክር በአንድ ጣት ሲጫኑ የሚጠይቀው ጉልበት እጥፍ ስለሆነ ጊታር ላይ የሚታለፍ ጉድለት እዚህ ጣት ያቆስላል። አዲስ ካልሆነ አልገዛም ካሉ በሩማንያ ሬጊን ከተማ ካለው ከሆራ ፋብሪካ የሚወጡትን ይመልከቱ፤ ያም ሆኖ ለማስተካከያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ።

ዋልድዚተር የሲተርን የጀርመን ዘመድ ነው። አንድ ወፍራም ነጠላ ክርና አራት ጥንድ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ክር አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተለይ በቱሪንጊያና በሃምቡርግ በብዛት ተሠርቷል። አሁን ዋጋው የወረደው ሥራው ስለከፋ ሳይሆን ፋሽኑ ስላለፈበት ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረው ከሚፈልገው ሰው ይበልጣል። አንዳንድ ሻጭ «የሉተር ዚተር» ብሎ ማርቲን ሉተር ይጫወትበት እንደነበር ያወራልዎታል። ለዚያ ተረት አንድም ዩሮ አይጨምሩ፤ ይህ መሣሪያ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1900 አካባቢ ነው።

ወደ ክሮቹ መራቅ እንምጣ፤ የሚገዙትም የማይገዙትም በዚህ ነው። ማስመሪያውን 12ኛው ፍሬት ላይ አቁመው ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ታች ያለውን ክፍተት ይለኩ። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። 4 ሚሊ ሜትር አገኙ እንበል። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ 2 ሚሊ ሜትር ለመቀነስ በርኩማው (ክሮቹን ፊቱ ጣውላ ላይ የሚሸከመው እንጨት) 4 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ስለዚህ የበርኩማውንም ቁመት ይለኩ። 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ይቀራል፤ እግሩን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ብቻ ነው፤ ለአንድ ባለሙያ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይሞላም። ቁመቱ ከመጀመሪያው 7 ብቻ ከሆነ ግን የሚቀረው 3 ነው። ያኔ ክሮቹ የፊቱን ጣውላ በወጉ አይጫኑትም፣ ድምፁም ይሞታል። መፍትሔው አንገቱን ነቅሎ በትክክለኛው ማዕዘን እንደገና መትከል ነው፤ እሱ ደግሞ መሣሪያው ከተገዛበት በላይ ያስከፍላል።

ወረቀቱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጫፉን ይሞክሩት። ከገባ መጋጠሚያው እየተከፈተ ነውና አመስግነው ይውጡ። ቀጥሎ ማስመሪያውን በፊቱ ጣውላ ላይ አግድም ያሳርፉ። ጣውላው ትንሽ ቢያብጥ ደግ ነው፤ በርኩማው ሥር ጎድጎድ ካለ ግን ከውስጥ የሚደግፈው ዘንግ ለቋል። በጣትዎ አንጓ መታ መታ ሲያደርጉት የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰጠም ያው ነው። ይህ በሙጫ ይድናል፤ ዋጋ ማስቀነሻ ያድርጉት። የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ የወረደ ስንጥቅም ሁለቱ ጠርዞች እኩል እስካሉ ድረስ አያስፈራም።

በርኩማው ያልተጣበቀ፣ ክሩ ብቻ የያዘው ስለሆነ የቅኝቱ ልክ ይስተካከላል። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳይጫኑ ነካ አድርገው ያሰሙት፤ ከዚያ ተጭነው ይድገሙት። የተጫኑት ከፍ ካለ በርኩማውን ከአንገቱ ራቅ ያድርጉት። ሁለቱ ከገጠሙ በኋላ አንድ ፍሬት ብቻውን ስቶ ከተገኘ ግን ሲሠራ የተበላሸ ነው፤ ይተዉት።

ስለ መቃኛዎቹ ብዙ የምለው የለኝም። የሃምቡርጉን ዓይነት ካገኙ እንደ ማራገቢያ የተደረደሩ ብሎኖች ያሉት፣ በኪስ ሰዓት መሙያ ቁልፍ የሚቃኝ ነው፤ ቁልፉ መኖሩንና ብሎኖቹ በሙሉ መዞራቸውን ያረጋግጡ። ለጀማሪ እንደ ጊታር በጣት የሚዞረው ይቀላል።

የአሮጌ ዋልድዚተር አንገት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዳይጎብጥ የሚደግፈው የብረት ዘንግ የለም፤ ስለዚህ የጊታር ክር አይግጠሙበት። ለዋልድዚተር ተብለው የተዘጋጁ፣ ጫፋቸው ቀለበት የሆነ ክሮች ጀርመን ውስጥ ዛሬም ይሸጣሉ። ለዓመታት ላልቶ የተቀመጠ መሣሪያ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ከልኩ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገው ያቆዩት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያንሡት።

ቅኝቱ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ክራር ለደረደረ ሰው ይህ ደስ ይላል፤ ሦስቱም ድምፆች ትዝታ ሜጀር ውስጥም ባቲ ሜጀር ውስጥም ስላሉ ክሮቹን ሳይነኩ ሁለቱንም ይጫወታሉ። አምባሰል ሲፈልጉ ሚ የነበረውን ጥንድ በግማሽ ድምፅ ወደ ፋ ያንሡት። ብዙ ጊዜ አምባሰል የሚጫወቱ ከሆነ ለዚያ ጥንድ አንድ ደረጃ የቀጠነ ክር ይግዙለት፤ ያለዚያ አዘውትሮ የሚበጠሰው እሱ ይሆናል።